ባለ መቶው ዓይን

ሱሉልታ ሲነጋ፣ ውርጭ እንዳረገዘ፣
ደበሌ ደረሰ፣ ጠርሙስ እንደያዘ።
በውስጡ የላሟ፣ የቦቄ ሽንት አለ፣
የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ የመሰለ።
«ደም ትሸናለች» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
አጥሩን አሻግሮ፣ በዓይኑ ፈልጎ፦
«ይቺ ተከራይ ናት፣ ወይዘሮ እንጉዳይ፣
ባለፈው ማክሰኞ ስትታለብ ብታይ፣
‹ጉድ! ወተት እንደ ጎርፍ!› ብላ ጮኸችብን፤
ከዚያ ቀን ጀምሮ ድርቆሽ ጠላችብን።
ዓይን ነው የበላት።»

መልስ አልሰጠሁትም። ጓንቴን አጠለቅሁ፣
በረቱ ውስጥ ገባሁ፣ ጆሮዋን ጠረግሁ፣
ጫፉን ወጋ አርጌ ጠብታ ደም ቀዳሁ።
ትንፋሿ ይፋጃል፤ ድዷ ሻማ መስሏል፣
ከጭኗ መሃከል መዥገር ተደርድሯል፣
የጠገበው ወድቆ፣ የራበው ተጣብቋል።
«ከየት ነው የገዛሃት?» አልኩት።
«ከአዳማ ወዲያ፤ ደላላ ነው ያመጣት።
ዋጋዋን ብነግርህ...» አለና ዋጠው።

ክሊኒካችን አንድ ክፍል ናት። መብራት ሄዷል፣
ሲሄድ ነግሮን አያውቅም፣ ሲመጣም አይነግረን።
የደሙን ጠብታ በስላይድ ጠርዝ ገፋሁት፤
ሳስቶ ሳስቶ፣ ጫፉ እንደ ጥጃ ምላስ ሾለ።
ሜታኖል። ከዚያ ጊምሳ፣ ሐምራዊው ቀለም፣
ጣቴ ላይ ከገባ ሳምንት የማይለቅ።
ሠላሳ ደቂቃ።
ደበሌ በሩን ተደግፎ አብሮኝ ይቆጥራል፦
እኔ ደቂቃ፣ እሱ ዕዳውን።

የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣
ከእንጦጦ ጀርባ ብቅ ያለችውን ፀሐይ እንዲለምን።
አንዲት ጠብታ ዘይት፤
ባለ መቶው ሌንስ ዝቅ ብሎ ዘይቱን ነካ።

«ዓይኗን አገኘኸው?» ይለኛል ከበሩ።

መጀመሪያ ምንም። ሜዳ ሙሉ ቀይ ሕዋስ፣ ሰላማዊ።
ሁለቴ ተሸወድኩ፣ የቀለም ዝቃጭ ጠላት መስሎኝ፤
ሁለቴ ንጹሑን ልከስስ ነበር።
ወደ ስላይዱ ጫፍ ሄድኩ፣ ደሙ ወደ ሳሳበት።
እነሆ መንታ፦
ጫፋቸው ሹል፣ ሆዳቸው ድብልብል፣
ጫፍ ለጫፍ ገጥመው በአንድ ሕዋስ ያደሩ
ሁለት ዕንባዎች፣ በተጠጉበት ቤት
ባለቤቱን እየበሉ የሚኖሩ።
ባቤዥያ።
ከመቶ ሕዋስ በአራቱ። ደግሜ ቆጠርኩ። አራት።

«ና፣ ራስህ እይ።»
ኮፍያውን አወለቀ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎነበሰ።
መጀመሪያ ያየው የገዛ ሽፋሽፍቱን ነው፤
«ፀጉር አለው እኮ!» አለ።
«እሱ ያንተ ነው። ትንሽ ቀረብ በል።»
ቀረበ። ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ።
«ይሄ ነው?»
«ይሄ ነው የበላት። መዥገር ነው ያስገባው።
ዓይን የለውም፣ ጎረቤት የለውም፣ ወተትህን አላየም።»
«እሷ ግን ጮኻለች» አለ ቀስ ብሎ።
«ጮኻለች። አሥራ ስምንት ሊትር ያስጮኻል።»

ቢጫውን ዱቄት በጥብጬ ወጋኋት።
በሦስተኛው ቀን ሽንቷ ጠራ፤
በሁለተኛው ሳምንት ድርቆሹን ደፈረች፤
በወሩ ባልዲው ሞላ።

ወይዘሮ እንጉዳይ ዛሬም በዚያው አጥር ታልፋለች፣
ወደ ታክሲው፣ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባ፣
ዓይኗን ጫማዋ ላይ አስራ።
ቦቄ ቀና ትላለች፤ እሷ ቀና አትልም።

መዝገቡ ላይ፣ «የባለቤቱ ቃል» ከሚለው ፊት፣
ያን ጠዋት ሳላስበው «ዓይን» ብዬ ጽፌ ነበር።
ሰርዤዋለሁ፤ በላዩ ባቤዥያ ብያለሁ።
ለወረዳ በሄደው የካርቦን ቅጂ ላይ ግን
ስረዛው ደብዝዞ፣ ሁለቱም ቃል ይነበባል፣
አንዱ ባንዱ ውስጥ።